ያውቁ ኖሯል? የጉሮሮ ጉድ!

የአቃቂው ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል የሯጭና የከተማ ስም በአንድ ላይ እንደተሸከመ አስተውለዋል? ጥሩነሽ ቤጂንግ! ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አጠለቀች፤ ሆስፒታሉ ደግሞ የተሠራው በቻይና ድጋፍ ነው! አሁን ከሆስፒታሉ ስም ወደ ጉሮሮው እንውረድ!

የራሱን ማንቁርት በመስታወት ያየው ዝነኛ ሰው ሐኪም እንዳልነበረ ያውቁ ኖሯል? የዘፈን አስተማሪ ነበር! ማኑኤል ጋርሺያ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1854 የጥርስ ሐኪም መስታወት አፉ ውስጥ ከተተ፣ በሌላ መስታወት የፀሐይ ብርሃን አበራበት፣ የድምፅ አውታሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ ተመለከተ! እስከ 101 ዓመቱም ኖረ።

ዛሬም የአንገት በላይ ሐኪም ያችን መስታወት አፍዎ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ያሞቃታል! ለምን? ትንፋሽዎ እንዳይጋርዳት! ከዚያ ምላስዎን በፋሻ ይይዝና «ኢ በሉ» ይልዎታል። በተያዘ ምላስ «ኢ» ማለት እንዴት እንደሚያስቅ የሞከረው ያውቀዋል።

ሴት ስታወራ የድምፅ አውታሮቿ በሴኮንድ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ! ዓይን አይከተላቸውም። ስለዚህ ሐኪሙ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ያበራባቸዋል፤ ያኔ ቀስ ብለው የሚወዛወዙ ይመስላሉ!

ማሽን በሚጮህበት ቦታ ለዓመታት እየጮኹ ማውራት የድምፅ አውታር ላይ ትንንሽ እባጭ ሊያወጣ ይችላል! ይህን ለአቃቂ የፋብሪካ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

አልቅት ጉሮሮ ውስጥ ልትኖር እንደምትችል ያውቁ ኖሯል? እዚሁ አገራችን! ልጁ ምንጭ ዳር ጎንበስ ብሎ ይጠጣል፤ ክር የምታህል አልቅት አብራ ትገባለች። ማንቁርቱ ላይ ትጣበቃለች፣ ደሙን ትመጥጣለች፣ ታብጣለች! ልጁ ደም ይተፋል፣ ድምፁ ይዘጋል፣ ፊቱ ይገረጣል። ቤተሰቡ «ሳንባ ነው» ብሎ ይደነግጣል። ሐኪሙ መብራት ይዞ ሲያይ ጥቁሩ ነገር ይንቀሳቀሳል! በመቆንጠጫ ይነቀላል፤ ደሙም ይቆማል።

የሚያምዎት ጆሮዎ ሆኖ በሽታው ጉሮሮዎ ውስጥ ሊሆን እንደሚችልስ? ሁለቱ የነርቭ መስመር ይጋራሉ! «ጆሮዬን» ሲሉት ሐኪሙ «አፍዎን ይክፈቱ» ቢልዎ አይገረሙ።

ያልታከመ ቶንሲል ልብ ሊበላ ይችላል! ጉሮሮው ከዳነ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያ ሊያብጥ፣ የልብ በር ሊጎዳ ይችላል። ባክቴሪያ ያመጣው ከሆነ ግን ጉሮሮው መታመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን መጀመር ይህን ይከላከላል!

«እንጥሉ ወርዷል» እየተባለ ስንት ሕፃን በምላጭ ተቆርጧል! ጉዱ፣ ያቺ እንጥል ብዙ ጊዜ ምንም አላጠፋችም። መድማቱና መመረዙ ግን እውነት ነው!

የምግብ ቧንቧ ካንሰር አርሲና ባሌ ላይ በብዛት እንደሚታይ ያውቁ ኖሯል? ሕሙማኑ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ ብዙዎቹ ገንፎና እንጀራው አልወርድ ብሏቸው ፈሳሽ ብቻ የሚውጡ ናቸው። ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥም «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከተባሉት ተርታ ገብቷል! ቡናችንን ትንሽ እፍ እንበልበት ይሆን?

ከ3 ሳምንት በላይ የጎረነነ ድምፅ ደረትን ያስመረምራል! የግራው የማንቁርት ነርቭ ከአንጎል ተነሥቶ ማንቁርቱን አልፎ ደረት ይወርዳል፣ ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ሥር ይዞራል፣ ተመልሶ ይወጣል! የሳንባ ዕጢ መንገድ ላይ ቢጫነው ድምፅ ይዘጋል። ይህ ነርቭ በቀጭኔ ላይ ከ4 ሜትር ሊበልጥ ይችላል! የሚደርስበት ቦታ ግን መነሻው አጠገብ ነበር!

ሳንቲም የዋጠ ልጅ ራጅ ይነሣል። ሳንቲሙ ፊት ለፊት ክብ ሆኖ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ነው፤ በጠርዙ ቀጥ ብሎ ከታየ የአየር ቧንቧ ውስጥ! አንድ ብር ይሁን ሃምሳ ሳንቲም ለማወቅ ግን ሐኪሙ እስኪያወጣው ይጠብቁ!