ስልኬ ገብስ ማሳ ውስጥ ነዳን

ከጣርማ በር ወደ ሞላሌ ስንጓዝ የስልኬ ካርታ ከመንገድ አወጣን። ሾፌሩ አየት አደረገና «ጋሼ፣ በዚህ አያያዝ እኮ ገብስ ውስጥ ነው የምንሄደው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና ወዲያው ሌላ ነገር ታሰበኝ፦ ያ መስመር ያረፈው በአንድ ገበሬ ይዞታ ላይ ነው።

ዛሬ ኮምፒዩተር ከአየርና ከሳተላይት ፎቶግራፍ መንገድ ለይቶ መስመር ያሰምራል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2019 ለካርታ ሠሪዎች ያቀረበው መሣሪያ ይህንኑ የሚያደርግ ነው። ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የተገኘው መስመር በዲጂታል ካርታው ላይ ቀድሞ ያለው መንገድ ነው ወይስ አዲስ?

ቅርብ ለቅርብ ማጣመር ነዋ፣ ይባል ይሆናል። አይበቃም። የአገራችን ነባር 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት «አዲንዳን» በሚባል የልኬት መነሻ ነው። ጂፒኤስ የራሱ መነሻ አለው። የአንዱን ቁጥር ሳይቀይሩ በሌላው ላይ ቢያስቀምጡት መንገዱ ከ100 ሜትር በላይ ይሸሻል። ርቀት ብቻ የሚያይ ፕሮግራም ታዲያ በአጠገቡ ያገኘውን የበቅሎ መንገድ ዋናው መንገድ ነው ብሎ ይቀበላል።

መጀመሪያ መገናኛዎችንና ድልድዮችን አጣምሮ ካርታው በሞላ ወዴትና ምን ያህል እንደሸሸ ማወቅ፣ ያንንም ማረም ያስፈልጋል። አቅጣጫው፣ ጥምዝምዙና ከየትኛው መንገድ ጋር እንደሚገናኝ የሚመረመረው ቀጥሎ ነው።

መንዝ ላይ ሌላም ጣጣ አለ፤ ገደሉ። በአየር ፎቶ ላይ ከፍ ያለ መሬት ከመሀል ወደ ዳር ይገፋል። በከፍታ መረጃ ካልተስተካከለ በቀር አፋፍ ላይ ያለ መንገድ ቦታውን ይለቃል። የድንጋይ ካብና የደረቀ ወንዝም ከላይ ሲታዩ ጠጠር መንገድ ይመስላሉ።

ይህ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይዞታው ለሕዝብ ጥቅም ለሚወሰድበት ሰው ካሳ ይሰጣል። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ የተሰጠው የይዞታ ደብተር ደግሞ የማሳ ካርታ አለው። ማሳው በአንድ መነሻ፣ መንገዱ በሌላ መነሻ ተቀምጠው ቢደራረቡ መንገዱ ያልነካው ገበሬ ካሳ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ማሳው የተቆረሰበት ጎረቤቱ ይቀራል። ፎቶው አዲስ፣ ካርታው ባለማኅተም መሆኑ ለዚህ ሰው ምን ይፈይድለታል? ኮምፒዩተሩ ሁለቱ ያልገጠሙበትን ቦታ በግድ ከማጋጠም «አልገጠመም» ብሎ ምልክት ያድርግበት። ቀሪውን አዋሳኞቹ ባሉበት፣ ማሳው ላይ ቆሞ መለካት ይቻላል።