አንድ ሰው፣ ሁለት ቋንቋ፦ ከሾላ ገበያ እስከ መማሪያ ክፍል

«አዲስ ቋንቋ የተማረ አዲስ ሰው ይሆናል» ሲባል ደጋግመን እንሰማለን። አባባሉ ቋንቋ ለመማር ያበረታታ ይሆናል፤ እንደ ሳይንሳዊ አባባል ሲመረመርስ እውነትነቱ ምን ያህል ነው? በቤቱ አፋን ኦሮሞ፣ በገበያ አማርኛ፣ በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ የሚናገር ወጣት ሦስት ስብዕና አለው ማለት ነውን? ጥያቄው ለቋንቋና ለሥነ ልቦና ሊቃውንት ብቻ የተተወ ይመስላል። በመሠረቱ ግን የመለካት ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ቋንቋ ሲቀይር የሚለወጠው ምኑ ነው? የማይለወጠውስ? ይህን ዓይነቱን ጥያቄ ደግሞ የፊዚክስ ተማሪ ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ለጉዳዩ ጥሩ መመልከቻ የሚሆነን በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሾላ ገበያ ነው። ቅቤው፣ ቅመማ ቅመሙና የሸክላ ዕቃው የከተማውን ነዋሪ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከሚመጣው ሻጭ ጋር ያገናኛል። እንበልና አንዲት ቅቤ ሻጭ ከጎረቤቷ ጋር በአፋን ኦሮሞ እየተጫወተች ነው፤ ሳቋ ከሩቅ ይሰማል። ገዢ ሲመጣ ወደ አማርኛ ትዞራለች። ድምጿ ዝግ ይላል፣ ዓረፍተ ነገሯ ያጥራል፣ ቀልዱም ይቀራል። በቅርብ የሚመለከታት ሰው «ተለወጠች» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን የለወጣት ምንድን ነው? ቋንቋው? ገዢው? ወይስ የንግዱ ጉዳይ?

ቋንቋ የሚያስገድደን ምርጫ

ከሰላምታ እንነሣ። በአማርኛ ጠዋት አንድን ሰው ሰላም ለማለት «እንዴት አደርክ»፣ «አደርሽ»፣ «አደሩ» ወይም «አደራችሁ» ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ተናጋሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት የሰሚውን ጾታ፣ ብዛትና ክብር መወሰን አለበት ማለት ነው። በአፋን ኦሮሞ ስሌቱ ይለያል። «አቲ» የሚለው ተውላጠ ስም ለወንድም ለሴትም ያገለግላል፤ ለብዙዎችና ለሚከበር ሰው ደግሞ «ኢሲን» ይባላል። በመሆኑም «አካም ጅርታ?» የሚለው ሰላምታ ጾታ አይለይም፤ «አካም ጅርቱ?» ሲሆን ግን ወይ ብዛትን ወይ አክብሮትን ያሳያል። የዛሬው እንግሊዝኛ ከእነዚህ አንዱንም በተውላጠ ስሙ አይለይም፤ ለሕፃኑም ለአዛውንቱም፣ ለአንዱም ለብዙውም «ዩ» ማለት ይበቃዋል።

ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን በ1960 እ.ኤ.አ. ባወጡት ታዋቂ ጥናት እንዲህ ያሉ ተውላጠ ስሞች ሁለት ነገሮችን እንደሚመዝኑ አሳይተዋል፤ አንደኛው የሥልጣን ልዩነት፣ ሁለተኛው መቀራረብ ነው። ይህን በገበያው ውስጥ ማስተዋል አያዳግትም። ሻጯ ገዢዋን «እርስዎ» ካለች በኋላ ጠንከር ያለ ክርክርና ቀልድ ይከብዳል። «የኔ እናት»፣ «ወንድሜ»፣ «ጋሼ» ሲባል ደግሞ ለጊዜውም ቢሆን የዝምድና ወግ ይመሠረታል፤ ገዢውም «እስቲ መርቂልኝ» ብሎ ምራቂ ለመጠየቅ ይደፍራል።

ከዚህ ተነሥቶ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አክብሮት አያውቅም ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። በማዕረግ ስም፣ በድምፅ ለዛና በተዘዋዋሪ አጠያየቅ አክብሮቱን ይገልጻል። ልዩነቱ አንዱ ቋንቋ በየዓረፍተ ነገሩ የሚያስገድደውን ሌላው ለተናጋሪው ፈቃድ መተዉ ላይ ነው። ለዚህ ነው አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በውጭ ሀገር መምህሩን በመጠሪያ ስሙ ጠርቶ በእንግሊዝኛ ሲከራከር ውሎ፣ ማታ ከአንድ አዛውንት የሀገሩ ሰው ጋር በአማርኛ ሲነጋገር አንገቱን ደፋ የሚያደርገው። ሁለቱም ጠባዮች የእርሱ ናቸው።

ሙከራዎቹ ምን ያሳያሉ?

ጉዳዩን በሙከራ ከመረመሩት ቀዳሚዎች አንዷ አሜሪካዊቷ ሱዛን ኧርቪን ትሪፕ ናቸው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ይኖሩ ለነበሩ ጃፓናውያን ሴቶች ያልተጠናቀቁ ዓረፍተ ነገሮችን አንድ ጊዜ በጃፓንኛ፣ ሌላ ጊዜ በእንግሊዝኛ እየሰጡ እንዲያሟሉ አደረጉ። ፍላጎቷ ከቤተሰቧ ፍላጎት ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚሆን የተጠየቀች አንዲት ሴት በጃፓንኛ ስለሚደርስባት ኀዘን ተናገረች፤ በእንግሊዝኛ ግን የፈለገችውን እንደምታደርግ ገለጸች። ይህ ውጤት ብዙ ተወርቶለታል። ብዙም ያልተወራለት ሌላው ውጤት ነው። ሴቶቹ ስለ ጃፓን ጉዳይ ከጃፓናዊ አድማጭ ጋር በእንግሊዝኛ እንዲነጋገሩ ሲደረግ ንግግራቸው ተደነቃቀፈ። እንግዲህ ቋንቋ ለብቻው የሚሠራ ኃይል አይደለም፤ ከአድማጩና ከርእሰ ጉዳዩ ጋር ተጣምሮ ይሠራል።

በ2006 እ.ኤ.አ. ናይራን ራሚሬዝ ኤስፓርዛና ባልደረቦቿ ስፓኒሽና እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሰዎችን አንድ ዓይነት የስብዕና መጠይቅ በሁለቱም ቋንቋዎች አስሞሉ። ተሳታፊዎቹ በእንግሊዝኛ ሲመልሱ በአማካይ ይበልጥ ተግባቢ፣ ለስምምነት ፈቃደኛና ጥንቁቅ ሆነው ታዩ። ይሁን እንጂ በቡድኑ ውስጥ የነበራቸው የእርስ በርስ ደረጃ በአመዛኙ አልተናጋም። በስፓኒሽ ከጓደኞቹ ይበልጥ ተግባቢ የነበረው በእንግሊዝኛም ከእነርሱ ይበልጥ ተግባቢ ነበር።

የፊዚክስ ተማሪ ይህን ሲያነብ ስለ ፍጥነት ማሰቡ አይቀርም። በአውቶቡስ ውስጥ የሚራመድ ሰው ፍጥነት ከአውቶቡሱ ወለል አንጻር አንድ ነው፤ ከመንገዱ አንጻር ሌላ ነው። ሁለት ተሳፋሪዎች ቢራመዱ ግን በመካከላቸው ያለው የፍጥነት ልዩነት በሁለቱም የማጣቀሻ ማዕቀፎች እኩል ነው። የሰው ጠባይ እንደ ፍጥነት በቀመር ባይሰላም ምሳሌው አንድ ነገር ያስተምረናል፦ ንባቡ ስለተለወጠ ብቻ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ ማለት አይቻልም።

መለኪያውና ተለኪው

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአንድ ክፍል ሙቀት በሴልሺየስ 20፣ በፋራናይት 68 ይነበባል። ቁጥሩ ቢለያይም ክፍሉ ያው ነው። መጠይቅም ሲተረጎም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ «ጭምት» የሚለው ቃል ብዙውን ጊዜ ምስጋና ነው፤ በሌላ ቋንቋ የቅርብ አቻው ነቀፌታ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሰዎች በሁለት ቋንቋ የተለያየ መልስ ሲሰጡ የተለወጠው ሰውየው ይሁን የመለኪያው ክፍፍል መለየት ያሻል።

ችግሩን ለማቃለል አንዱ መንገድ ቋንቋን ሳይለውጡ ባህልን ብቻ መለወጥ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ዪንግ ዪ ሆንግና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ይህን መንገድ ተከትሏል። ለሆንግ ኮንግ ተማሪዎች ለአንዱ ቡድን የቻይና፣ ለሌላው የአሜሪካ ባህል ምልክት የሆኑ ሥዕሎች ታዩ። ከዚያም ከመንጋው ቀድሞ የሚዋኝ ዓሣ አሳይተው ምክንያቱን ጠየቁ። የቻይና ሥዕሎችን ያዩት ከሌሎቹ ይበልጥ ምክንያቱን ወደ መንጋው አዘነበሉ። አንድ ባህል የሚያስታውስ ምልክት ብቻውን አተያይን ሊያዘነብል ይችላል ማለት ነው። ቋንቋም ከእንዲህ ያሉ ምልክቶች አንዱ፣ ምናልባትም ኃይለኛው ነው። ከእርሱ ጋር የተማርንበትን ቤት፣ የተቆጣንንና የመረቀንን ሰው ወግ ይዞ ይመጣል።

ከገበያው ወደ ክፍሉ

ነገሩ ለእኛ ለምን ይጠቅመናል? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ደግሞ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጓል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለፈ ተማሪ አዲስ አበባ ሲመጣ በክፍል በእንግሊዝኛ፣ በመኝታ ክፍል በአማርኛ፣ ከአብሮ አደጎቹ ጋር በአፍ መፍቻው ይናገራል። በክፍል እጁን አንሥቶ የማያውቅ ተማሪ በቤተ ሙከራ ከጓደኛው ጋር በቋንቋው ስለ ስሕተት ምንጮች አጥብቆ ሲከራከር በመምህርነቴ ደጋግሜ አይቻለሁ።

እኛ ግን በአንዱ ማዕቀፍ ያነበብነውን ቁጥር የሰውየው ቋሚ ጠባይ አድርገን እንመዘግባለን። «ዝምተኛ ነው»፣ «በራሱ አይተማመንም»፣ «ኩራተኛ ናት» እንላለን። ቃል ፍለጋ የሚያዘገየውን ሰው አእምሮው የዘገየ አድርገን እንገምታለን። በአፍ መፍቻው የአክብሮት ቅርጽ የለመደው ተማሪ በሌላ ቋንቋ ስሕተት ላለመሥራት ዝም ሲል ዝምታውን እንደ ንቀት እንቆጥራለን። ግምቱ በዚያው አይቀርም። የቡድን መሪ ሲመረጥ፣ የክፍል ተሳትፎ ነጥብ ሲሰጥና የድጋፍ ደብዳቤ ሲጻፍ ይከተለዋል።

በገበያው የሚሠራ የቤት ሥራ

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ራሳችሁ ልትፈትሹት ትችላላችሁ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ሮበርት ኩፐርና ካርፔንተር በኢትዮጵያ ገበያዎች እየተዘዋወሩ ግብይት በየትኛው ቋንቋ እንደሚካሄድ መዝግበዋል፤ ጥናታቸውም በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋዎች በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ወጥቷል። ዘዴው ዛሬም ይሠራል።

ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል አንድ ገዢ ምረጡ። ዕቃው አንድ ይሁን፤ ሰዓቱም አይለወጥ። ከግማሾቹ ሻጮች ጋር በአማርኛ፣ ከቀሩት ጋር በአፋን ኦሮሞ ይነጋገር፤ ቋንቋውንም በዕጣ ለዩ። በየግብይቱ ቋንቋውን መጀመሪያ የቀየረው ማን እንደሆነ፣ ምን መጠሪያ እንደተባለ፣ ዋጋው ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ፣ ምራቂ ተጨምሮ እንደሆነ ጻፉ። በሌላ ቀን ደግሞ ቋንቋውን ሳትቀይሩ ገዢውን ብቻ በአዛውንት ተኩ። ሁለቱ ውጤቶች ሲነጻጸሩ የቋንቋውን ድርሻ ከአድማጩ ድርሻ ለመለየት መነሻ ይሆናሉ። ሻጮቹን ዓላማችሁን ነግራችሁ አስፈቅዱ፤ ጊዜያቸውንም በከንቱ እንዳትወስዱ ዕቃውን በእርግጥ ግዙ። ጥቂት ግብይቶችን ቆጥሮ ስለ አንድ ሕዝብ ጠባይ መናገር እንደማይቻልም አትዘንጉ።

ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች ሁለት ቋንቋ ሁለት ሰው እንደማይፈጥር ይጠቁማሉ። የሚያሳዩን አንድ ሰው በአንድ መስኮት ብቻ ታይቶ እንደማያልቅ ነው። ስለ አንድ የክፍል ጓደኛችሁ «ዝምተኛ ነው» ሲባል ብትሰሙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በየትኛው ቋንቋ? ከማንስ ጋር?