ወደ ራሱ የሚደውል ኮምፒውተር

ባለፈው ሴሚስተር የዜና ድረ ገጽ ሠርታችሁ አቅርቡ ተባልን። እኔም በላፕቶፔ ሠርቼ ስከፍተው ቁልጭ ብሎ መጣ። ደስ ብሎኝ ማቅረቢያ ወረቀቱ ላይ አድራሻውን 127.0.0.1 ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ ቢሮአቸው ሲከፍቱት ምንም የለም! «ሥራህ የታለ?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ።

ለመሆኑ ይህ ቁጥር ምንድን ነው? «ሉፕባክ» የሚባለው የኔትወርክ በር አድራሻ ነው። እንደ ዋይፋይ ካርድ በእጅ የሚነካ ዕቃ አይደለም፤ ስርዓተ ክወናው በሶፍትዌር ብቻ የፈጠረው ነው። በሊኑክስ «ኤልኦ» በሚል አጭር ስም ተመዝግቦ ይገኛል። መልእክቱ እንደ ማንኛውም የኔትወርክ መልእክት ይጠቀለላል፣ አድራሻም ይጻፍበታል፤ ግን ካርዱ ጋ ሳይደርስ ስርዓተ ክወናው ተቀብሎ እዚያው ይመልሰዋል። ደብረ ማርቆስ ፖስታ ቤት ለራሳችሁ ደብዳቤ ብትሰጡ፣ አዲስ አበባ ሳይሄድ ከመስኮቱ ላይ እንደሚመለስላችሁ ማለት ነው።

አንድ ጓደኛዬ «በቃ የገደል ማሚቶ ነዋ» አለኝ። አይደለም። የገደል ማሚቶ ያልከውን ነው የሚመልስልህ። እዚህ ግን ጠያቂና መላሽ አለ፤ ብራውዘሩ ይጠይቃል፣ ሰርቨር የሚባለው ፕሮግራም ይመልሳል። ሁለቱም አንድ ቤት ስለሚኖሩ ነው እንጂ።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንኳ «ፒንግ 127.0.0.1» ብሎ ለጻፈ ሰው መልሱ ይመጣለት ነበር። ስለዚህ መልስ መምጣቱ ኢንተርኔት አለ ማለት አይደለም፤ የኮምፒውተሩ የኔትወርክ ሶፍትዌር ይሠራል ማለት ብቻ ነው።

በ127 የሚጀምሩት ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች በሙሉ ለዚሁ ተይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የኢንተርኔት ደንብም ከኮምፒውተሩ ውጭ እንዳይታዩ ይከለክላል። አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው አንዷን ስለሆነ ለእኔ ብክነት ነው። በአዲሱ የአይፒ ስሪት 6 የተመደበው አንድ አድራሻ ብቻ መሆኑ ይህን ሳያስተምር አልቀረም።

ለጋዜጠኛ ግን ጥቅም አለው። የምንጮቹን ማስታወሻ የያዘ ዳታቤዝ በዚህ አድራሻ ብቻ እንዲያዳምጥ ከተደረገ፣ በካፌ ዋይፋይ ላይ ያለ ሌላ ሰው በቀጥታ ሊያንኳኳው አይችልም። ላፕቶፑን ከፍቶ ሽንት ቤት ለሚሄድ ግን ሉፕባክም አያድነውም!

ወደ እኔ ጉዳይ ስመለስ፣ መምህሬ 127.0.0.1 ሲሉ የተጠራው የራሳቸው ኮምፒውተር ነበር። በማግስቱ ላፕቶፔን ተሸክሜ ቢሮአቸው ሄድኩና ገጹን እዚያው ከፍቼ አሳየኋቸው። የአድራሻውን ነጥብ ግን አልሰጡኝም።