የታይሮይድ ዕጢ፣ ሜታቦሊክ ሲንድረምና የደም መርጋት በወረርሽኝ ወቅት

ሰላ ድንጋይ ብርዳማ የደጋ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ስፍራ ብርድ የማይችል፣ ዘወትር የሚደክመውና ክብደቱ የሚጨምር ሰው «ብርዱ ነው» ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል። እነዚህ ምልክቶች ከሆድ ድርቀትና ከቆዳ መድረቅ ጋር ሲታዩ ግን የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት መገለጫ ሊሆኑ ይችላሉ። የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ ትኩረት ይሻል፤ በሽታው ሲጠና ደም በሥር ውስጥ እንዲረጋ ያደርጋልና።

ዕጢውና አዮዲን

የታይሮይድ ዕጢ በአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሆርሞኑ ሰውነት ኃይል የሚጠቀምበትን ፍጥነት፣ የልብ ምትንና በደም ውስጥ ያለውን የስብ መጠን ይቆጣጠራል። ሆርሞኑ የሚሠራው ከአዮዲን ነው። አፈራቸው በዝናብና በጎርፍ በሚታጠብ ደጋማ አካባቢዎች አዮዲን ስለሚያንስ እንቅርት ይበዛል። ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. በደንብ የተደነገገውም ይህን ጉዳት ለመከላከል ነው። ሆኖም እንቅርት ያለበት ሁሉ የሆርሞን እጥረት አለበት ማለት አይደለም፤ ይህ የሚለየው በደም ምርመራ ነው።

አደጋዎቹ ሲደራረቡ

ሜታቦሊክ ሲንድረም የሚባለው ከሚከተሉት አምስት ችግሮች ቢያንስ ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ ነው፦

• የወገብ ዙሪያ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን፤
• የደም ግፊት 130/85ና ከዚያ በላይ ሲሆን፤
• ምግብ ሳይበላ የተለካ የደም ስኳር 100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ ሲሆን፤
• ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብ ከፍ ሲል፤
• ጠቃሚው ኮሌስትሮል ዝቅ ሲል።

በዚህ ሁኔታ ጉበት ደም የሚያረጋውን ፋይብሪኖጅን አብዝቶ ያመርታል፤ የረጋን ደም የሚያሟሟው የሰውነት ሥርዓትም ይዳከማል። የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት ደግሞ ኮሌስትሮልንና የደም ግፊትን ከፍ በማድረግ ጫናውን ያከብዳል። እጥረቱ መጠነኛ ሲሆን ደም ወደ መርጋት ሊያዘነብል፣ እጅግ ሲበረታ ግን በተቃራኒው መድማት ሊከሰት ይችላል። የሆርሞን መብዛትም ከአደጋ ነፃ አይደለም፤ የልብ ምት ሲዛባ በልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። በዚህ ላይ የቫይረሱ ሕመምና ለቀናት መተኛት ሲታከሉ አደጋው ይበልጥ ይጨምራል።

ታካሚውና ቤተሰቡ ምን ያድርጉ?

1. ወደ ጤና ተቋም መሄድ ቢያስፈራም የታይሮይድ፣ የግፊትና የስኳር መድኃኒት አይቋረጥ። ክኒኑ ከማለቁ አስቀድሞ ጤና ጣቢያውን ማማከር ይገባል።
2. የሆርሞን እጥረት ክኒን በባዶ ሆድ፣ በውኃ ይወሰድ። ቡናና ቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆዩ፤ ቡና መድኃኒቱ በደንብ እንዳይሰርግ ያደርጋልና። የአይረንና የካልሲየም ክኒኖች ከ4 ሰዓት በኋላ ይወሰዱ።
3. አዮዲን ያለው ጨው በተከደነ ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፤ ወጥ ሊወጣ ሲልም ይጨመር። መጠኑ በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይብለጥ።
4. ቤት መዋል ቁጭ ብሎ መዋል አይሁን። በግቢ ውስጥ መራመድ፣ እግርን ማንቀሳቀስና ውኃ መጠጣት ይጠቅማል።
5. ያለ ሐኪም ትእዛዝ አስፕሪንም ሆነ ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አይወሰድ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የታይሮይድ መድኃኒቱ መጠን ሲለወጥ የደም ምርመራው ይደገምለት።

አስቸኳይ ምልክቶች

አንድ እግር ብቻ ማበጥና መቁሰል፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአንደበት መያዝ ሲታይ «እስከ ነገ ይሻለዋል» ማለት አይገባም። ታካሚው ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይላካል። ትኩሳትና ሳል ካለ አፍና አፍንጫን መሸፈንና አስቀድሞ ለባለሙያው መናገር ያስፈልጋል። ስለ ኮሮና ቫይረስ መረጃ ለማግኘት በነፃ የስልክ መስመር 8335 ይደወል።