ለተማሪ ልጆች የዲጂታል ንባብ መተግበሪያ እንዴት ይመረጣል?

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨርና በአውሮራ ከተሞች በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ሁለቱ ከተሞች በሚዋሰኑበት በሞንትቤሎ ሰፈር ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆችም፣ እንደ ማንኛውም የዘመኑ ወላጅ፣ ልጆቻቸው በስልክና በታብሌት የሚያነቡትን የመምረጥ ኃላፊነት አለባቸው። ለእነርሱ ግን ምርጫው ተጨማሪ ክብደት አለው። ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚማረው በእንግሊዝኛ ሲሆን ከአያቶቹ ጋር የሚያግባባው አማርኛ ነው። ስለዚህ መተግበሪያው የልጁን ንባብ ማጎልበቱ ብቻ ሳይሆን ወላጁን ከልጁ ንባብ የማያርቅ መሆኑም ሊታይ ይገባል።

ንባብ የሁለት ችሎታዎች ውጤት ነው

ፊሊፕ ጎፍ እና ዊልያም ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረቡት ጽንሰ ሐሳብ መሠረት፣ አንብቦ መረዳት የሁለት ችሎታዎች ብዜት ነው። አንደኛው የተጻፈውን ወደ ድምፅ መለወጥ፣ ሁለተኛው ደግሞ ቋንቋውን መረዳት ነው። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ይሆናል።

የእንግሊዝኛውን ፊደል የማስተማር ሥራ በዋናነት የትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የኮሎራዶ የንባብ ሕግ፣ ትምህርት ቤቶች እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን የንባብ ደረጃ እንዲመዝኑና በእጅጉ ወደ ኋላ ለቀሩት ዕቅድ እንዲያወጡ ያስገድዳል። መረዳት ግን በቤት ውስጥም ይገነባል። በካናዳ የሚታወቁት የቋንቋ ትምህርት ምሁር ጂም ከሚንስ እንደሚያስረዱት፣ በአንድ ቋንቋ የዳበረ ዕውቀትና የማሰብ ችሎታ ለሌላውም ቋንቋ ይተርፋል። በዚህ አመለካከት፣ እንግሊዝኛ የሚከብዳት እናት ለልጇ በአማርኛ ስታነብ የትምህርት ቤቱን ሥራ ታግዛለች እንጂ አታደናቅፍም።

ስክሪን ወይስ ወረቀት?

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ከ1 እስከ 8 ዓመት የሆኑ 1,812 ልጆች የተሳተፉባቸውን 39 ምርምሮች በአንድነት መርምሯል። የወረቀቱና የስክሪኑ መጽሐፍ ተመሳሳይ በሆኑ ጊዜ፣ ልጆቹ ታሪኩን የተሻለ የተረዱት ከወረቀት ነበር። ዲጂታሉ መጽሐፍ ታሪኩን የሚያጎሉ ነገሮች ሲኖሩት፣ ለምሳሌ የልጁን ትኩረት ወደ ዋናው ድርጊት ሲመራ ወይም አስፈላጊ የጀርባ ዕውቀት ሲሰጥ፣ ብልጫው ወደ ስክሪኑ ዞሯል። በመጽሐፉ ውስጥ የተካተተ መዝገበ ቃላት ደግሞ አዳዲስ ቃላትን ለመማር ቢረዳም፣ ታሪኩን ለመረዳት አልጠቀመም።

ከፍ ላሉት ተማሪዎችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣና 54 ምርምሮችን ያጠቃለለ ጥናት፣ አንባቢዎች መረጃ ሰጪ ጽሑፎችን ከወረቀት የተሻለ እንደሚረዱ አሳይቷል። በልብ ወለድ ትረካ ግን ይህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ተረትና ልብ ወለድ በስክሪን ቢነበብ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ የሳይንስና የታሪክ ትምህርት ግን ቢቻል ታትሞ ቢነበብ ይመረጣል።

ያሉት አማራጮች

የዴንቨር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሞንትቤሎም ቅርንጫፍ አለው። የቤተ መጻሕፍቱን ካርድ የያዘ ቤተሰብ ሊቢ በተባለው መተግበሪያ ዲጂታልና የድምፅ መጻሕፍትን ያለ ክፍያ መዋስ ይችላል። ይህ ለእንግሊዝኛው ንባብ ጥሩ መነሻ ነው።

ለአማርኛው፣ የሕንዱ ፕራታም ቡክስ እ.ኤ.አ. በ2015 የመሠረተው ስቶሪዊቨር እንዲሁም በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ ይጠቀሳሉ። ሁለቱም በብዙ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች ታሪኮችን በነጻ ያቀርባሉ፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ መካከል ነው። ታሪኮቹ የሚወጡት በክፍት ፈቃድ በመሆኑ ማውረድና ማተም ይቻላል። አንዱን ታሪክ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ጎን ለጎን ማንበብም ወላጅና ልጅ እየተራረሙ እንዲማሩ ዕድል ይሰጣል። ሆኖም አንዳንዶቹ ታሪኮች ትርጉም በመሆናቸው፣ ወላጁ የአማርኛውን ጥራት አስቀድሞ አንብቦ ቢመዝን መልካም ነው።

የፊደሉ ጉዳይ

የአማርኛ ፊደላት ልዩነት ብዙ ጊዜ በትንሽ ጭረት ይወሰናል። «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት ጭረቱ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። በትንሽ የስልክ ስክሪን ላይ ጀማሪ አንባቢ በቀላሉ ያምታታቸዋል። ስለዚህ ፊደሉን ማጉላት የሚያስችል መተግበሪያ ይመረጥ። ገጾቹ ደብዛዛ ፎቶግራፍ የሆኑበት መጽሐፍ ለጀማሪ አይመከርም።

የልጁ መረጃስ?

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የአሜሪካ የልጆች የኢንተርኔት ግላዊነት ሕግ፣ ለልጆች የተዘጋጁ የኢንተርኔት አገልግሎቶች ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች የግል መረጃ ከመሰብሰባቸው በፊት የወላጅን ፈቃድ እንዲያገኙ ያዝዛል። የልጁን ሙሉ ስም፣ ፎቶግራፍ ወይም የሚገኝበትን ቦታ የሚጠይቅ መተግበሪያ ሲያጋጥም፣ ለምን እንደሚፈልገው ሳያረጋግጡ መፍቀድ አይገባም። በየገጹ መሐል ማስታወቂያ የሚያስገቡትም የልጁን ሐሳብ ስለሚበትኑ ቢቀሩ ይሻላል።

በቤት የሚደረግ ሙከራ

ከመክፈል ወይም ከመመዝገብ በፊት ቀላል መመዘኛ አለ። ልጁ አንድ አጭር ታሪክ ያንብብ፤ ከዚያም ስክሪኑ ተዘግቶ ያነበበውን በአማርኛ እንዲተርክ ይጠየቅ። ማን ምን እንዳደረገና ለምን እንዳደረገ ከተናገረ መተግበሪያው ሥራውን ሠርቷል። ያገኛቸውን ኮከቦችና የነካካቸውን ሥዕሎች ብቻ ከቆጠረ ግን፣ ጊዜውን የወሰደው ጨዋታው ነው። ሙከራውን በሁለት ወይም በሦስት ታሪኮች ደግሞ ማየት ውጤቱን ይበልጥ አስተማማኝ ያደርገዋል። ልጁ ሲተርክ አማርኛው ቢያጥረው መቆጣት አያስፈልግም፤ የጎደለውን ቃል አቀብሎ ትረካውን እንዲቀጥል ማድረግ ራሱ የንባቡ አካል ነው።