በሥዕል የሚነገሩ መጻሕፍት፤ ለየሰዉ ጠባይ የሚስማማው የትኛው ነው?

ሰው ሁሉ የሚስማማውን ምግብ ለይቶ እንደሚያውቅ የሚስማማውንም መጽሐፍ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። አንዱ የታሪክ፥ ሌላው የንግድ፥ ሌላው የጨዋታ መጽሐፍ ይወዳል። በዚህ የሚከራከር የለም። ነገር ግን ታሪኩ በተከታታይ ሥዕል የተነገረ መጽሐፍ ሲቀርብለት ብዙው ትልቅ ሰው «ይህማ የልጆች ነው» ብሎ ሳይገልጠው ያልፈዋል። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ ይህ አሳብ የሚያስከትለውን ጉዳት ለማስረዳትና ለልዩ ልዩ ጠባይ የሚስማሙ ጥቂት መጻሕፍትን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጉዳቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው በትልቁ ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ ስለ ጦርነት፥ ስለ ስደት፥ ስለ መንግሥት ሥራና ስለ ገበያ የተጻፉ ብርቱ ምስክርነቶች በዚህ ዓይነት መጻሕፍት ውስጥ ስለሚገኙ፥ የናቃቸው ሰው ይቀሩበታል። ሁለተኛው ጉዳት የሚደርሰው በልጁ ላይ ነው። አባት የናቀውን መጽሐፍ አይመረምረውም፤ ያልመረመረውንም ልጁ ያለ መሪ ያነበዋል። ሥዕል ደግሞ ከጽሕፈት ይልቅ ፈጥኖ ወደ ልብ የሚገባ ነገር ነው።

ይህን ዓይነቱን መጽሐፍ እንግሊዞች ኮሚክ፥ ፈረንሳዮች ባንድ ዴሲኔ ይሉታል። ኢጣልያኖች ፉሜቲ የሚሉት ሲሆን ትርጓሜው ትናንሽ ጢስ ማለት ነው፤ የተናጋሪው ቃል ከአፉ እንደ ጢስ ወጥቶ ከራሱ በላይ ስለሚጻፍ ይህ ስም ተሰጠው። ስሙ የባዕድ ቢሆንም ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ የጌታ ሕይወትና የሰማዕታት ገድል በተርታ ተሥሎ፥ የእያንዳንዱም ስም ከሥዕሉ በላይ ተጽፎ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ሲማርበት ኖሯል። የአዲስ አበባ ሠዓሊዎችም የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል ከፍለው ሲሥሉት፥ ተመልካቹ ከላይ ጀምሮ በተራ እያነበበ እስከ ታች ይወርዳል። እንግዲህ ታሪክን በሥዕል ማንበብ የአባቶቻችን ልማድ ነበር ማለት ነው።

ነገሩ የመንግሥታትን አሳብ እንኳ የሳበ ነው። ፈረንሳይ በ1949 ዓ.ም. ለወጣቶች የሚታተመውን ጽሑፍ የሚቈጣጠር ሕግ አወጣች። በአሜሪካም በ1954 ዓ.ም. የሴኔቱ አንድ ንኡስ ኮሚቴ ስለ ወንጀልና ስለ አስፈሪ ታሪኮች ምርመራ አደረገ፤ በዚያው ዓመት አሳታሚዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው የተፈቀደውን መጽሐፍ በሽፋኑ ላይ በማኅተም መለየት ጀመሩ። ማኅተሙ እስከ 2011 ዓ.ም. ከቈየ በኋላ የሚጠቀምበት ጠፋ። ደንቡ አንዳንዱን ክፉ ነገር ከልጆች እጅ ቢያርቅም ለትልልቅ ሰዎች ሊሠራ የሚችለውንም ብዙ ሥራ አስቀርቷል። ስለዚህ ማኅተም የአንባቢን ማስተዋል ሊተካ አይችልም።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንመለስ።

ነጋዴ የሆነ ሰው ከአስቴሪክስ መጻሕፍት አንዱን፥ «ኦቤሊክስና ሸሪኮቹ» ብለን ልንተረጕመው የምንችለውን የ1976 ዓ.ም. መጽሐፍ ያንብብ። ደራሲው ረኔ ጎሲኒ፥ ሠዓሊው አልቤር ኡዴርዞ ናቸው። ቄሣር በጦር ያልተበገረችውን ትንሽ የጋሊያ መንደር በገንዘብ ለማላላት ያስባል። አንድ የተማረ ወጣት አማካሪ ተልኮ፥ ኦቤሊክስ ከአለት የሚጠርባቸውን ለምንም የማይጠቅሙ ረጃጅም ድንጋዮች ዋጋ እየጨመረ ይገዛል። የመንደሩ ሰው አደኑንና ዓሣ ማጥመዱን ትቶ ድንጋይ ጠራቢ ይሆናል። ዕቃው በሮማ ሲከማች አማካሪው ሰዉ እንዲገዛው ማስታወቂያ ያስነግራል፤ ወዲያው ሌሎች አገሮችም ያንኑ ድንጋይ እየጠረቡ በርካሽ ያቀርባሉ። በመጨረሻ ገበያው ይፈርሳል፥ የሮማም ገንዘብ ዋጋው ይወድቃል። ስለ ፍላጎትና ስለ አቅርቦት፥ በመንግሥት ግዢ ብቻ ስለ ቆመ ንግድም ይህን ያህል በሣቅ የሚያስተምር መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል።

ነጋዴው ከመጻሕፍቱ ሌላ የመጻሕፍቱን ውል ቢያስተውል ደግሞ ይጠቀማል። ሱፐርማን የተባለውን ኃያል የፈጠሩት ሁለት አሜሪካውያን ወጣቶች፥ ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር፥ በ1938 ዓ.ም. መብታቸውን በ130 ዶላር ሸጡት። ሌሎች በዚህ ፍጥረት እጅግ ብዙ ገንዘብ ሲያተርፉ እነርሱ በክርክር ኖሩ፤ ዓመታዊ ጡረታ የተቈረጠላቸው በ1975 ዓ.ም. ነበር። ፊርማ ከማኖር በፊት የሚሸጠው ነገር ነገ ምን ሊያወጣ እንደሚችል መመዘን እንደሚገባ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያሻም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው «ኬ ዶርሴ» የተባለውን የክሪስቶፍ ብላንና የአቤል ላንዛክን መጽሐፍ ይፈልግ። ሁለቱ ክፍሎች በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ታትመዋል። ላንዛክ የብዕር ስም ነው፤ ባለቤቱ አንቶናን ቦድሪ በፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ስለ ሠራ የጻፈው ያየውን ነው። አንድ ወጣት ለሚኒስትሩ ንግግር እንዲጽፍ ይቀጠራል። ረቂቁ ከአማካሪ ወደ አማካሪ ይዞራል፤ እያንዳንዱ የራሱን ቃል ያስገባል፥ የሌላውንም ይሰርዛል፤ ሚኒስትሩ እንደ ዐውሎ ነፋስ በገባ ቁጥር ወረቀቱ ሁሉ ከጠረጴዛው ይበራል። ሠዓሊው የሚኒስትሩን ትከሻና እጅ አግንኖ በመሣል ጽሕፈት ሊገልጠው የማይችለውን የሹመት ግርማና ችኮላ አሳይቷል። ደብዳቤ ረቅቆ፥ ታርሞ፥ እንደገና ረቅቆ የሚያውቅ ሁሉ ራሱን ያገኝበታል። ከሣቁ በታች ግን ቁም ነገር አለ፤ የዚያ ሁሉ ድካም ፍጻሜ በ2003 ዓ.ም. በኢራቅ ላይ ሊነሣ ስላለው ጦርነት የተደረገው ክርክር ነውና።

ታሪክን ለሚወድ፥ ኀዘንንም ለሚችል ሰው የምንመርጥለት «ማውስ» ነው። አርት ስፒግልማን በ1986 እና በ1991 ዓ.ም. በሁለት ክፍል ያሳተመው ይህ መጽሐፍ በ1992 ዓ.ም. የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት አግኝቷል። አባቱ ቭላዴክ በፖላንድ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ የነበረ አይሁዳዊ ነው። ልጁ ከእልቂቱ እንዴት እንደ ተረፈ አባቱን እየጠየቀ ይሥላል፤ አይሁድን በአይጥ፥ ጀርመኖችን በድመት መልክ ያቀርባቸዋል። ነጋዴው የለመደው ቍጠባና መለዋወጥ በመከራው ጊዜ ነፍሱን ለማዳን ረድቶታል፤ በሰላሙ ዘመን ግን ያው ቍጠባ በልቶ ያጋመሰውን ምግብ ወደ ሱቅ እስከ መመለስ አድርሶት ለቤተ ሰቡ ሸክም ሆኗል። ደራሲው አባቱን ቅዱስ አድርጎ አለማቅረቡ ለምስክርነቱ እምነት ይሰጠዋል። በዚህ መንገድ ሌላ ሊነበብ የሚገባው ኬይጂ ናካዛዋ ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ያወጣው «ባዶ እግሩ ጌን» ነው፤ ናካዛዋ በሂሮሺማ ላይ የአቶም ቦምብ ሲጣል የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። የጃፓን መጻሕፍት ብዙዎቹ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበቡ ስለ ሆነ አንባቢው በመጀመሪያው ገጽ ግር እንዳይለው እናሳስባለን።

የባሕርና የጠረፍ ነገር ለሚማርከው ሰው ሁጎ ፕራትን እናስተዋውቃለን። ይህ ኢጣልያዊ በ1927 ዓ.ም. ተወልዶ በ1995 ዓ.ም. የሞተ ሲሆን፥ በ1937 ዓ.ም. በኢጣልያ ወረራ ጊዜ በልጅነቱ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ አባቱን በጦርነቱ ምክንያት ያጣ ነው። ኮርቶ ማልቴዜ የተባለውን መርከበኛ በ1967 ዓ.ም. ፈጠረ፤ «ኤቲዮፒኬ» በሚለው መጽሐፍ ውስጥም መርከበኛው በ1918 ዓ.ም. ከየመን እስከ አፍሪካ ቀንድ ሲዘዋወር፥ ኩሽ ከተባለ በሃይማኖቱ ከጸና ሙስሊም ተዋጊ ጋር እየተከራከረ ወዳጅ ይሆናል። «የበረሃ ጊንጦች» የተባለው ሌላ ሥራው ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚናገር ሲሆን ከክፍሎቹ አንዱ በዳንካልያ ያለ ምሽግን ይመለከታል። በወራሪ ልጅነት የመጣው ሰው፥ በኋላ የአገሩን ተወላጆች አሳብና ክብር ያላቸው ሰዎች አድርጎ መሣሉ ሊመሰገን ይገባል።

ስለዚሁ ስለ ቀይ ባሕር ኤርዤ የተባለው ቤልጅጋዊ ሠዓሊ በ1958 ዓ.ም. ያሳተመው የቴንቴን መጽሐፍ አለ፤ በእንግሊዝኛ ስሙ «የቀይ ባሕር ሻርኮች» ማለት ነው። በዚያ ውስጥ የጦር መሣሪያ ነጋዴው ለሁለቱም ተዋጊዎች ይሸጣል፤ ወደ መካ የምትወስዳቸው መርከብ የመሰለቻቸው አፍሪካውያን ምእመናን ሳያውቁ ለባርነት ሊሸጡ ይጓዛሉ። ነገር ግን ከዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ይኸው ሠዓሊ በ1931 ዓ.ም. «ቴንቴን በኮንጎ» በሚለው መጽሐፉ አፍሪካውያንን እንደ ሕፃን አድርጎ አቅርቧቸዋል። ስለ ቀይ ባሕር በጻፈውም ውስጥ የአፍሪካውያኑ አነጋገር የተሰባበረ በመሆኑ ስለ ተነቀፈ በኋላ አርሞታል። ልጅ ግን እርማቱን አያውቅም፤ ያየውን ብቻ ይይዛል። አባት አስቀድሞ ሊያነብ የሚገባው ስለዚህ ነው።

የቤተ ሰብን ኑሮና የሴቶችን ዕድል ለሚያስብ ሰው ሁለት መጻሕፍት አሉ። ማርጃን ሳትራፒ ከ2000 እስከ 2003 ዓ.ም. በአራት ክፍል ያሳተመችው «ፐርሰፖሊስ» በኢራን አብዮትና ጦርነት ውስጥ ያደገች ሴት ልጅን ታሪክ በጥቁርና በነጭ ሥዕል ይነግራል። ወላጆቿ ከቱርክ ሲመለሱ የተከለከለ የሙዚቀኞች ሥዕል በካፖርት ገበር ውስጥ ሰፍተው የሚያሳልፉበት ክፍል የጉምሩክ ሹማምንትን ሳያስቅ አይቀርም። ሁለተኛው የማርገሪት አቡዌና የክሌማን ኡብረሪ «የዮፑጎን አያ» ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል በ2005 ዓ.ም. ወጣ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአቢጃን ከተማ ሐኪም ለመሆን የምትመኝ ልጃገረድ፥ ጓደኞቿ፥ አባቷና የአባቷ አለቃ ይታዩበታል። ጦርነትና ረኃብ ብቻ ሳይሆን ሠርግ፥ ሐሜትና ሥራ ያለበትን የአፍሪካ ከተማ ኑሮ ማየት የሚፈልግ ይህን ይምረጥ።

የባዕድ ቋንቋ ለሚያስቸግረው፥ ወይም ዝምታን ለሚወድ ሰው የሾን ታን «መድረስ» አለለት። በ2006 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ አንዲት የምትነበብ ቃል የለችበትም። አንድ አባት ሚስቱንና ልጁን ትቶ ወደማያውቀው አገር ይሄዳል፤ የዚያ አገር ፊደል ሠዓሊው የፈጠረው ስለ ሆነ አንባቢውም እንደ ስደተኛው ማንበብ አይችልም። የሚበላውን፥ ሥራውንና መንገዱን በምልክት እየጠየቀ ያገኛል። ዘመድ በባሕር ማዶ ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ አያትና የልጅ ልጅ ጐን ለጐን ተቀምጠው ሊያነቡት ይችላሉ።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጽሐፉን እንዴት ይመዝን? ከሽፋኑ ይልቅ መካከሉን ይግለጥ። ጽሕፈቱን በመዳፉ ሸፍኖ ሥዕሉን ብቻ ይመልከት፤ ሥዕሉ ስለ ሰዎቹ አንድ ነገር የሚነግረው እንደ ሆነ መልካም ነው። ቀጥሎ ሥዕሉን ሸፍኖ ጽሕፈቱን ያንብብ፤ ቃሉ ሥዕሉ ያሳየውን ከመድገም በቀር ሌላ የማይጨምር ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። ሦስተኛም ከደራሲው አገር ውጭ ያሉ ሰዎች እንዴት እንደ ተሣሉ ያስተውል፤ የአንዱ ሕዝብ ፊት ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ሠዓሊው ሰዎቹን አላያቸውም ማለት ነው። ካልተገላበጠ ያራል እንደሚባለው መጽሐፍም እንዲሁ ተገላብጦ መታየት አለበት።

ከላይ የዘረዘርናቸው ሁሉ ለልጅ የሚሆኑ አይደሉም፤ «ማውስ»፥ «ባዶ እግሩ ጌን» እና «ፐርሰፖሊስ» ለደረሱ አንባቢዎች ናቸው፤ አስቴሪክስና «መድረስ» ግን ለቤቱ ሁሉ ይሆናሉ። አባትና እናት አስቀድመው አንብበው ለልጃቸው ቢሰጡ፥ ካነበበም በኋላ ያየውን ቢጠይቁት፥ መጽሐፉ በቤት ውስጥ የጭውውት ምክንያት ይሆናል። ይህንም ለማድረግ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ትልቁ ሰው ራሱ ቁጭ ብሎ አንዱን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ማንበቡ ነው።