ናይትሮክስ፦ የምስክር ወረቀቱ የሚያዋጣው ለማን ነው?

በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በሁርጋዳና በሻርም ኤል ሼክ፣ ለመዝናናት ባሕር የሚጠልቅ ቱሪስት መሠረታዊውን ስልጠና እንደጨረሰ ሌላ ዕቃ ይቀርብለታል። ይኸውም «ናይትሮክስ» በተባለ ጋዝ ለመጥለቅ የሚያስችል የምስክር ወረቀት ነው። ሻጩ የሚያቀርበው ሸቀጥ ባጭሩ «ተጨማሪ ደቂቃ» ነው። ደቂቃው እውነተኛ ነው፤ ገዢው ሊጠቀምበት መቻሉ ግን ሌላ ሒሳብ ይጠይቃል።

ተራ አየር 21 በመቶ ኦክስጅን ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ጠላቂው ጠልቆ በቆየ ቁጥር ናይትሮጅኑ በሰውነቱ ይጠራቀማል፤ ከልኩ አልፎ በፍጥነት ከወጣ ጋዙ አረፋ እየሠራ ለከባድ ሕመም ይዳርገዋል። ናይትሮክስ የኦክስጅን ድርሻው ወደ 32 ወይም 36 በመቶ ከፍ ያለ ድብልቅ ነው። ፓዲ የተባለው ትልቅ የስልጠና ድርጅት ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት፣ 30 ሜትር ላይ በአየር 20 ደቂቃ የሚፈቀደው በ32 በመቶ ናይትሮክስ 30 ይደርሳል። 18 ሜትር ላይ ደግሞ 56 የነበረው ወደ 95 ያድጋል።

ማነቆው የት ነው?

ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር ያህል ጋዝ ይይዛል። ሩቡ ለመጠባበቂያ ቢቀመጥ 1,800 ሊትር ይቀራል። በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 30 ሜትር ላይ ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን በደቂቃ 80 ሊትር ይፈጃል። ስለዚህ ጋዙ የሚበቃው ለ22 ደቂቃ ብቻ ነው። 30 ደቂቃ የገዛ ሰው ያገኘው ትርፍ ሁለት ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። 18 ሜትር ላይ ደግሞ ጋዙ በ32 ደቂቃ ያልቃል፤ በተራ አየር የተፈቀደው 56 እንኳ አልተነካም። በቀን አንዴ ለሚጠልቅ ሰው ማነቆው ሠንጠረዡ ሳይሆን ሲሊንደሩ ነው።

ሒሳቡ የሚገለበጠው በተደጋጋሚ ለሚጠልቀው ነው። በቀይ ባሕር የሳፋሪ ጀልባዎች ላይ ሳምንት የሚያድር ደንበኛ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይጠልቃል። የጠዋቱ ናይትሮጅን እንደ ዕዳ ወደ ከሰዓቱ ይሸጋገርና የሚፈቀደውን ጊዜ ያሳጥራል። በ1941 እ.ኤ.አ. የሰመጠችውና 30 ሜትር ገደማ ላይ የተኛችው የእንግሊዝ መርከብ ቲስልጎርም ብዙውን ጊዜ በተከታታይ ሁለቴ ትጎበኛለች። ናይትሮክስ ዋጋውን የሚያስመልሰው እዚህ ነው። አንዳንድ ጀልባዎች ጋዙን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣሉ፤ ወረቀቱን ላልያዘ ግን አይሰጡም።

ይህ ገበያ ያለ ውዝግብ አልተከፈተም። በ1991 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመጥለቂያ መሣሪያ ነጋዴዎች ማኅበር የናይትሮክስ አሰልጣኞችን ከዓመታዊ ትርኢቱ አግዶ ነበር። ተቃውሞ ሲበረታ ማኅበሩ ተለሳለሰ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ፓዲ ራሱ ኮርሱን መሸጥ ጀመረ።

የነጋዴዎቹ ስጋት መሠረተ ቢስ አልነበረም። ኦክስጅን በከፍተኛ ግፊት መርዝ ነው፤ ውኃ ውስጥ አንዘፍዝፎ ሊያሰምጥ ይችላል። የ32 በመቶው ድብልቅ ወሰን 33 ሜትር፣ የ36ቱ 28 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በታች የሚወርድ ሰው ደቂቃ ለመግዛት ሕይወቱን አስይዟል። ስለዚህ ከኮርሱ የሚገኘው ዋነኛ ዕውቀት ሲሊንደሩን በመለኪያ ራስ ፈትሾ፣ የኦክስጅኑን መጠንና የጥልቀት ወሰኑን ጽፎ መለጠፍ ነው።

«ድካም ይቀንሳል» የሚለውን ማስታወቂያ ግን ገዢው በጥንቃቄ ቢያየው ይሻላል። በ2003 እ.ኤ.አ. 11 ጠላቂዎችን በግፊት ክፍል ውስጥ የፈተነ ጥናት በአየርና በናይትሮክስ መካከል የድካም ልዩነት አላገኘም። ከተደጋጋሚ ጠለቃ በኋላ አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ እንደሚገባም ይመከራል፤ ናይትሮክስ ይህን አያስቀርም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለችው አዲስ አበባ የሚመለስ መንገደኛ በተለይ ሊያስብበት ይገባል።

ወረቀቱ ጊዜ አያልፍበትም፤ ኮርሱም በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። በዓመት አንዴ ሁለቴ ለሚጠልቅ ሰው ግን ገንዘቡን ለጥቂት ተጨማሪ ጠለቃዎች ቢያውለው ያተርፋል። የሳፋሪ ጀልባ ለተከራየ ደንበኛ ደግሞ ከጉዞው በፊት ሊገዛው የሚገባ ዕቃ ነው። ደቂቃውን ሳያራዝም በተራ አየር ልክ የሚጠልቅበት ሰው ደግሞ የገዛው ጊዜ ሳይሆን ዋስትና ነው፤ ምናልባትም የተሻለው ግዢ ይኸው ነው።